እማማ ለተብርሃንን ይዤ፣ መምህራቸውን ፍለጋ

ቅዳሜ ንጋት፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ የስደት ሰፈራችን

እማማ ለተብርሃን ከካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው በራቸው ላይ ቆመዋል። ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ በልጅነታቸው እናታቸው ሲሞቱባቸው ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው ሲስተር ክላራ የሚባሉ ጣልያናዊት መነኩሲት ናቸው። ሲስተር ዛሬም በሕይወት እንዳሉ፣ ጣልያን አገር ቱሪን አካባቢ በአንዲት ትንሽ ከተማ እንደሚጦሩ በቅርቡ በስልክ ሰሙ።

«ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ስሜን ከአፋቸው ልስማ» አሉኝ። እምቢ እንዴት ይባላል?

«ቲኬቱን ቼክ አደረግክ?»

«አድርጌያለሁ እማማ። ጣልያንኛውን ግን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

የእኔ ጣልያንኛ የአዲስ አበባ ጋራዥ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባልቦላ። በእነዚህ የመኪና ዕቃ ስሞች ደግሞ መንገድ መጠየቅ አይቻልም።

አውሮፕላን ማረፊያ ሳንድዊች ልገዛ ስል ዋጋውን አይተው «በዚህማ ዶሮ ይገዛል!» ብለው ከቦርሳቸው ሕምባሻ አወጡ። እሱኑ ቆርሼ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ትንሿ ከተማ

አውቶቡሱ አደባባዩ ላይ አወረደን። የድንጋይ መንገድ፣ የተዘጉ መስኮቶች፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ። ሲስተር ያሉበት የአረጋውያን መጦሪያ የመጠየቂያ ሰዓት ሊያልቅ ነው፣ የስልኬም ኢንተርኔት እምቢ ብሏል። አግዳሚ ላይ ወደተቀመጡ ሽማግሌ ስሮጥ እማማ በእጅጌዬ ጎተቱኝ።

«ሰው እንዴት ዋልክ ሳይባል መንገድ ይጠየቃል? የት ነው ያደግከው?»

ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጠው በጣልያንኛ ጀመሩ። ጤና ተጠየቀ፣ ጉልበት ተጠየቀ፣ ልጆች በየተራ ተጠየቁ። እኔ ቆሜ አርራለሁ።

«እማማ፣ ሊዘጋ ነው!»

«የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። የልጃቸውን ሚስት ገና አልጠየቅኩም።»

በመጨረሻ መንገዱን ጠየቁ። ሽማግሌው በጣታቸው አላሳዩንም፤ ብድግ ብለው ከፊታችን መሩን። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛዋ ሰዓቷን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው እንደ ዘመድ ቆመው ለመኑልን፣ ከፈተችልን። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ከደጅ እመለስ ነበር።

ፎቅ ላይ

ሲስተር ክላራ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከሲታ ናቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው። እማማ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሳሙ፣ ስማቸውን ነገሯቸው። መነኩሲቷ በትሕትና ፈገግ አሉ። አላወቋቸውም። እማማ ደገሙላቸው። ምንም የለም።

ድንገት ሲስተር የእማማን እጅ ያዙና በጭንቀት አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?»

«መንገድ ነው የሚጠይቁኝ» አሉ እማማ። «‹እመቤት፣ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው? ጠፋብኝ› ይላሉ።»

እማማ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ የድሮውን የአስመራ ትምህርት ቤት መንገድ በጣልያንኛ ይነግሯቸው ጀመር፤ በእጃቸው ቀጥታ፣ በእጃቸው ወደ ቀኝ፣ ዘንባባዎቹን አልፎ ወደ ግራ። የሲስተር ፊት ቀስ በቀስ ፈታ አለ። ለመነሳት እየሞከሩ፣ እየተጣደፉ ተናገሩ። ከመካከሉ አንድ ቃል እኔም ለየሁ፦ «ለተብርሃን»።

እማማ ዞር ብለው ነገሩኝ። «‹ቶሎ ልድረስ፤ ለተብርሃን የምትባል ልጅ አለችኝ፣ እናቷ ሞታባታለች፣ ካረፈድኩ ታለቅሳለች› አሉኝ።»

ደግፈው አስነሷቸውና ክንዳቸውን ይዘው በኮሪደሩ ቀስ እያሉ ወሰዷቸው።

«አታለቅስም» ይሏቸዋል፣ እያለቀሱ።