መስኮቱ ይዘጋ

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ደላላው የስምንት ሰው መኪና በር ሲከፍትልኝ የሽቶ ሽታ ፊቴን መታኝ። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ሰፊ መኪና እፈልጋለሁ። ደላላ ሽቶ የሚረጨው ግን ለእኔ አስቦ አይደለም።

አባቴም መኪና ሻጭ አያምንም ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ነጋዴ ሰፊ መኪና ሊሸጥለት ደጃችን ድረስ አመጣ። ያኔ እኔም አባቴም ማንበብ አንችልም ነበር። የመኪናውን ሊብሬ ገፋ አድርጎ ልጆቹን በሙሉ መኪናው ውስጥ አስገባንና በቀትር ፀሐይ መስኮቱን ዘጋብን።

"ሀጂ፣ ልጆቹን ልትቀቅላቸው ነው እንዴ?" አለ ነጋዴው።

"ቆይ፣ ሙቀቱ ያውጣው።"

ምኑን እንደሚያወጣው አልገባኝም። ወንበሩ ጭናችንን ይለበልባል። ቀስ በቀስ ከሽቶው ስር የረጠበ ጭቃ ሽታ ተነሳ። መኪናውን ስለወደድኩት ትንፍሽ አላልኩም። ታናሽ እህቴ ግን አፍንጫዋን ይዛ፣ "አባ፣ ደቻቱ ደቻቱ ይሸታል!" ብላ ጮኸች። ለካ ሰውዬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የወሰደውን መኪና አጥቦ ነው ያመጣልን።

"ውረዱ" አለ አባቴ በሩን እየከፈተ። "ጎርፍ የጠጣ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚጥላችሁ።"

ያን ቀን እህቴን አላናገርኳትም።

አሁን አብረውኝ የመጡትን የራሴን ልጆች መኪናው ውስጥ አስገባሁና መስኮቱን ዘጋሁ።

"ጋሼ፣ ኤሲ አለው እኮ!" አለ ደላላው።

"አጥፋው።"

ጥቂት ቆይቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና፣ "ምን ይሸታችኋል?" አልኳቸው።

"ምንም!" አሉ አምስቱም በአንድ አፍ። ትልቁ መሪውን እየዳበሰ ነው።

አላመንኳቸውም። እኔም ገባሁና በሩን ዘጋሁ።