የማሽኑ ልብስ

ዘመኑ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ውጫሌ ላይ የስልክ መሣሪያ ቤት ዘበኛ ነኝ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ይህን የምጽፈው እየተንገታገትኩ ነው። ግን ልጆቼ ሲያወሩት እየጨመሩበት ስላስቸገሩኝ ራሴ ልጻፈው አልኩ።

በጦርነቱ ጊዜ መስመሩ ተቋርጦ ብዙ ቆየን። በኋላ አዲስ ማሽን መጣ። ቁመቱ የኮመዲኖ ያህል ነው፤ መሳቢያ መሳቢያ ሆኖ ስለተሠራ የታመመውን ብቻ ስቦ መቀየር ይቻላል። የአገሩ ስልክ በሙሉ በእሱ በኩል ያልፋል አሉኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ አቧራ ሲጠጣ ዝም ብዬ አላይም። ቴሌቪዥናችን በጦርነቱ ተወስዶ ስለነበር ባለቤቴ የጠለፈችለት ባለ ገበር ልብስ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አምጥቼ ለማሽኑ አለበስኩት። ልክ ሆነለት።

አንድ አርብ ከቀትር በኋላ ደሴ ያለው ቴክኒሻን ሙሉጌታ ደወለ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ማሽኑ ሙቀት በዛብኝ እያለ ነው። ካልበረደ ራሱን ያጠፋል። ቀይ መብራት ይታያል?»

«ምንም አይታይም።»

«የተጫነበት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። ልብስ ጭነት ነው እንዴ?

ጎረቤቴ ዘይነባ የመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣለች። ወታደር ልጇ ሙሄ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ከግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛ «ደህና ነው፤ ሰሞኑን ይደውላል» ብሏታል። ከማሽኑ ጥግ ከሆነች ድምፁ ቀድሞ የሚደርሳት ስለመሰላት ቤቷ አትገባም።

«አያ እንድሪስ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ማሽኑን አመመው።»

«ያ ረቢ! ልጄ ሳይደውል እንዳይሞት!»

ሙሉጌታ «ከታች ሁለተኛው መሳቢያ ማራገቢያው ነው፤ ይሳቡትና ጥቂት ቆይተው መልሰው ይግፉት» አለኝ። መሳቢያውን ለመቁጠር ልብሱን ስገልጥ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ቀዩ መብራት ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ልብሱን ገፍፌ ብብቴ ሥር አደረግሁ፤ ማራገቢያውንም ስቤ መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ ጠፋ፤ አረንጓዴው በራ።

«እጅዎ መድኃኒት ነው!» አለ ሙሉጌታ። «ግን ማራገቢያው ሳይደክም አይቀርም። ነገ አዲስ ይዤ መጥቼ እቀይረዋለሁ፤ መስመሩ ግማሽ ቀን ይዘጋል።»

እሺ አልኩ። ልብሱ ብብቴ ሥር ነው።

«ዳነ?» አለችኝ ዘይነባ።

«ዳነ። ነገ ግን መስመሩ ይዘጋል።»

ስልኳን አየት አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያኔ ስለ ልብሱ ዝም ማለቴ ነው። በማልበሴማ ዛሬም ክፋት አላይበትም።

በማግስቱ ጧት ሙሉጌታ ከደሴ ሳይነሳ ደወልኩለት።

«አትምጣ። ማራገቢያው ደህና ነው። አልብሼው ነበር።»

«ምን አልብሰውት?»

«የቴሌቪዥን ልብስ።»

«ሌላ ያለበሱት አለ?» አለኝ።

«መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆዩትን ባትሪዎች» አልኩና ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ሄጄ ገፈፍኳቸው። ሙሉጌታ መጮህ ጀመረ። እሱ ሲጮህ ከደጅ የዘይነባ ስልክ ጠራ።

«ሙሄ! ሙሄ፣ አንተ ነህ?» ስትል ሰማኋት።

«በል አሁን ዝጋው» አልኩት ሙሉጌታን፤ «መስመሩን አናጣብብባቸው።»