በኮኩ ዛፍ አጠገብ የቆመው ደረጃ

መዶሻ ድንጋይ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ወደ ቀጨኔ፣ ወደ ልጅነት ሰፈሬ እመለሳለሁ። አሁንም ከመስኮቴ በታች አንድ ሰው ድንጋይ እየጠረበ ነው፤ ምን ልበልሽ፣ ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብያለሁ።

ጊዜው የደርግ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈራችን ቁልቁለት ጭቃ ሰው ይጥል ነበር። የቀበሌያችን የልማት አስተባባሪ፣ ካኪ ኮቱን የማያወልቅ ዝምተኛ ሰው፣ ነዋሪውን አስተባብሮ የድንጋይ ደረጃ ማሠራት ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ እኛ ሴቶቹ ድንጋይ እናቀብላለን።

ደረጃው እኛ ደጅ ሲደርስ የእድራችን ዳኛ አስቆሙት። "ቃሬዛ ካላሳለፈ መንገድ አይባልም" አሉና ባዶውን ቃሬዛ ለአራት ጎረምሶች አሸክመው መታጠፊያው ላይ ሞከሩት። አላለፈም። ከግቢያችን ጥቂት መቆረስ ነበረበት፤ እዚያ ላይ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ወንድሜ በልጅነቱ የተከለው የኮክ ዛፍ ቆሟል።

እናቴ እየተቆጣች ወጣች። "ባዶ ቃሬዛ በደጄ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?" ወደ አስተባባሪው ዞረች። "ስማኝ ጓድ፣ ልጄን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ። ዛፉን ግን እሱ ራሱ መጥቶ ይቁረጠው።"

በዚያ ዘመን ለቀበሌ ሰው እንዲህ አይባልም። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

"እሺ እማማ፣ እንጠብቀዋለን" አለ አስተባባሪው ቀስ ብሎ። ደረጃው መታጠፊያው ላይ ተቋርጦ ቀረ። ሊያስገድደን ይችል ነበር፤ ስላላስገደደን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ክረምቱ ገባ። ኮኩ ቀላ፤ ግቢያችን በመዓዛው ታወደ። አንድ ማታ ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ እዚያው ጭቃ ላይ ተንሸራተው እጃቸው ተሰበረ። እናቴ አጠገባቸው አምሽታ ስትመለስ፣ "በቃ ይቁረጡት" አለችኝ። "ልጄ እንደሆነ አይቀየመኝም፤ ሲመጣ ሌላ ይተክላል። ጠዋት ቀበሌ ሄደሽ ንገሪልኝ።"

ሳልሄድ መጡ። ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አስተባባሪው፣ የእድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች ቆመዋል፤ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል፣ አስተባባሪውም ጭምር። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው መርዶ ሲይዝ ነው። መጥረቢያ የያዘ አልነበረም። ወንድሜ ነው፣ አልኩ በልቤ።

እናቴ ግን ፊቷ በራ። "እንኳን መጣችሁ! ልልክባችሁ ነበር እኮ። ቁረጡት፣ ፈቅጃለሁ።"

"እማማ... እስቲ ይቀመጡ" አለ አስተባባሪው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ፍሬውን ልልቀምላችሁ" ብላ ቅርጫት ፍለጋ ጓዳ ገባች። ዕቃ ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ፣ "የት አድርጌው ነው?" እያለች ስታጉረመርም ይሰማን ነበር። እኛ ግቢው ውስጥ ቆመናል፤ ማንም የማንንም ዓይን አያይም።

ቅርጫቱ የት እንዳለ አውቅ ነበር። አልነገርኳትም።