የሊፍቱ በርና የጋሽ ሙሄ እጅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የታዘዝኩት መራመድ ነበር። ሳን ሆዜ ባለች አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ወፍራም የበረዶ ጃኬት ለብሼ በአንድ የብረት በር ስገባና ስወጣ ዋልኩ። በሩን የሚከፍተውን ካርድ አንዴ በግራ ኪሴ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ጓንቴ ውስጥ እያደረግኩ በሩ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እምቢ እንደሚል እናገራለሁ። ለዚህ ነው እንዴ ዲቪ የደረሰኝ እያልኩ በላብ ተጠመቅኩ።

ነገሩ ግን ያዘኝ። በሩ ካርዱን ሳይነካ፣ በጃኬትና በሹራብ ውስጥ እንዴት ያገኘዋል? አለቃዬ የበሩን ጎን ከፍቶ አንቴናውን አሳየኝ። ካርዱ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለባት ቺፕ አለች። አንቴናው ይጣራል፣ ካርዱ ቁጥሩን ይመልሳል። ስልክ ከተደረበበት መልሱ ይታፈናል፤ የማስቲካ መጠቅለያ እንኳ ይጋርደዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ፣ ኦክላንድ ወዳለው ፍሩትቬል ስመለስ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሰዎች ካርዳቸውን ሲያስነኩ አፍጥጬ አያለሁ። የጣቢያው ዘበኛ ሁለቴ ምን ጠፋሽ ብሎኛል።

ከሞካሪነት ወደ ተካይ ቴክኒሻንነት ሳድግ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ተራራ ላይ ያለ የበረዶ መንሸራተቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንግዶቹ የወረቀት ቲኬት ጃኬታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሰለፋሉ፣ ሠራተኛ ደግሞ በእጅ ማንበቢያ አንድ በአንድ እያየ ወደ ሊፍቱ ያሳልፋቸዋል። ሊፍት ስል ሰውን በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ የሚያወጣውን ነው። እኛ በዚያ ሠራተኛ ቦታ በር ልንተክል መጣን። በረዶ በተከመረ ቁጥር በሩን በማንሻ ከፍ ማድረግ፣ አንቴናው ሥር አካፋ ይዞ መጥረግ፣ እንግዳውን ሁሉ "ካርድ በግራ ኪስ" ማለት የእኔ ድርሻ ሆነ።

የሊፍቱ ኃላፊ ሊንዳ ትባላለች። ቁርጥ ያለች ሴት ናት። ሰልፉ ከድሮው ከረዘመ በሩን ነቅዬ እሰጥሻለሁ ብላ ቀድማ ነገረችኝ።

አንድ ቅዳሜ ከኦክላንድ አንድ አውቶቡስ ሙሉ የእኛ ሰፈር ልጆች መጡ። ይዟቸው የመጣው ጋሽ ሙሄ ነው። የወሎ ሰው ነው፣ ኤርፖርት ሹፌር ነው። ቴሌግራፍ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ወላጆች ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛባቸው ልጆቻቸውን በየዓመቱ በረዶ የሚያሳይላቸው እሱ ነው። ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ በሩ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሙሄ የሁሉንም ካርድ ሰብስቦ በእጁ ይዟል። ከበሩ ጎን ቆሞ፣ ልጁ ሲደርስ አንዱን ካርድ መዝዞ ይሰጣል፣ የቀረውን እንደያዘ እዚያው አንቴናው አጠገብ ይቆማል። አንቴናው ደግሞ ልጁ የያዘውን ትቶ ከእሱ እጅ አንዱን ያነባል። ልጁ ያልፋል። ካርዱ የተነበበበት ሌላ ልጅ ተራው ሲደርስ በሩ አንዴ አልፈሃል ብሎ ቀይ ያበራል። ወዲያው ማሽኑ ካርዶቹን በሙሉ አንድ ሰው ለብዙ ሰው እየተጠቀመባቸው ነው ብሎ ዘጋቸው። ሰልፉ ረዘመ። ሊንዳ መጥታ ጋሽ ሙሄን ወደ ጎን እንዲቆም ጠየቀችው።

ሰውየው ልጆቹ ፊት ቆሞ ፊቱ ጠቆረ።

"ሐያት፣ ይሄ በር ሌባ ነህ እያለኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም ጋሽ ሙሄ፣ እጅዎ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ እየመለሱለት ግራ ገብቶት ነው።"

ለሊንዳ ደግሞ እኛ ዘንድ ሰው በቡድን ሲሄድ የሁሉንም ቲኬትና ፓስፖርት የሚይዘው ትልቁ ሰው መሆኑን አስረዳኋት። እናቷም በጉዞ እንደዚያ ታደርግ እንደነበር ነገረችኝና ካርዶቹን ከፈተች።

ጋሽ ሙሄን አሁን ካርዶቹን ለየልጁ ያድሉ አልኩት። እምቢ አለ። ቢጠፋም ግድ የለም፣ ሰርዘን ሌላ እናትማለን ብል ራሱን ነቀነቀ።

"ካርዱ መች አስጨነቀኝ? ካርዱ እጄ ላይ ካለ ልጁ ታች ነው። ከሌለ ላይ ነው። የሰው ልጅ አማና ይዣለሁ እኮ፣ ልጄ።"

ይሄኔ በሥራዬ ልኮራ ተነሳሁ። በሩ ማን እንደወጣ ሁሉ ይይዛል፣ ስማቸውን ስክሪን ላይ አሳይዎታለሁ አልኩት።

"ሲወርዱስ?"

በዚያ በር ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቼ ይህን አስቤው አላውቅም። በሩ ያለው ሰው ወደ ላይ በሚወጣበት በኩል ብቻ ነው፤ የሚወርድ ሰው በሰፊው ተራራ በፈለገው በኩል ይወርዳል። ሲወርዱ አያይም አልኩት። ሳቅ አለና ግማሹን ሥራ ለእኔ ትቶልኛላ አለ።

ተስማማን። ካርዱ በየልጁ ግራ ኪስ ገባ። የወረደ ሁሉ እንደገና ከመሰለፉ በፊት የጋሽ ሙሄን እጅ ነክቶ ያልፋል። ታላላቆቹ በእንግሊዝኛ "ቤቢ አይደለንም" እያሉ አጉረመረሙ፣ ግን ነኩ። በሩም ያለ ችግር ሠራ፤ ሰልፉ እንዲያውም አጠረ።

ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል ልጆቹ ወደ አውቶቡሱ ተሰበሰቡ። ሰሚራ የምትባል ልጅ የለችም። አንዷ ጓደኛዋ ካፌ ናት አለች፣ ሌላዋ አውቶቡስ ውስጥ ተኝታለች አለች። ሁለቱም ቦታ የለችም። ጋሽ ሙሄ በሩ ጋ የቆመበትን ቦታ አልለቀቀም። "እጄን አልነካችም" አለ ብቻ።

ስክሪኑን ከፈትኩ። ካርዷ ከሁሉም በኋላ በሩን አልፏል። ስክሪኑን ወደ ሊንዳ አዞርኩ። ሊንዳ ምናልባት በሌላ መኪና ሄዳ ይሆናል ልትል አፏን ከፈተች፤ ስክሪኑን አየች፣ ጋሽ ሙሄን አየች፣ ሐሳቧን ትታ በሬዲዮ የነፍስ አድን ቡድኑን ጠራች። ጭለማው እየወረደ ነበር።

ከመንሸራተቻው መንገድ ወጣ ብሎ ዛፎቹ ሥር አገኟት። ጉልበቷ ዞሯል፣ ስልኳ በብርዱ ጠፍቷል፣ ብትጮህም የሰማት የለም። በተንሸራታች አልጋ ጠቅልለው ሲያወርዷት ጋሽ ሙሄ ከዚያው ቦታ አልተነቃነቀም። ልጅቷ እያለቀሰች እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና እጁን ነካች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሞላን" አለ። ከዚያ በረዶው ላይ ተቀመጠ።

ሊንዳ በሩን አልነቀለችውም። ለቡድን እንግዶች ግን ታች ቆሞ የወረደውን የሚቆጥር አንድ ሰው መደበች። እኔም አሁን አዲስ ቴክኒሻን ሳሠለጥን ጃኬቱን አልብሼ በበሩ አስገባዋለሁ፣ ከዚያ ይህ በር የማያየው ምንድን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። እናንተም በር ስትተክሉ በሩ የማያየውን ለበሩ ባለቤት ንገሩ።