ሲኦል ባለ ሰው መቅናት

ልጅ ሳለሁ፣ የኢትዮጵያ አይሁድ በበዙበት ሰፈር፣ ቂርያት መናሔም በነበረው ቤታችን፣ ቅዳሜ ሲመሽ የጎረቤቱ መስኮት ሁሉ እየበራ የእኛ ብቻ ጨለማ ሆኖ ይቆይ ነበር። ጨለማውን የሚያቆዩት አባባ፣ አያቴ ነበሩ። ሰንበት ሲገባ የሲኦል እሳት ይጠፋል፣ ኃጥአን ወጥተው ውኃ ይጠጣሉ፣ ሰንበት ሲወጣ ወደ እሳቱ ይመለሳሉ ይሉን ነበር። እሳቸው መብራት እስካላበሩ ድረስ ደግሞ ሰንበት አልወጣም፤ ታላቅ ወንድማቸውም አይመለስም።

ወንድማቸው ወደዚህ ሲመጡ በሱዳን መንገድ ላይ ሞቶ የቀረ ነው። ከመሞቱ በፊት፣ አያቴ በወባ ሲንቀጠቀጡ አይቶ በሰንበት እሳት አነደደላቸው። ኃጢአቱ ይኸው ነው። ቅዳሜ ማታ በጨለማው ውስጥ የጅቡንና የአህያይቱን ተረት ይጀምሩልኝና መሃል ላይ ይተዉታል፤ ልባቸው ወደ ሰውዬው ሄዷል። መልኩን እንኳ በማላውቀው ሰው ቀናሁ።

አስተማሪያችን በዕብራይስጥ ጌሂኖም የሚባለው የሲኦል ቅጣት ከአሥራ ሁለት ወር አያልፍም ብትለን እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳቸው። ድሮ ወጥቷል፣ ይተዉት ማለቴ ነበር። አሰቡበትና፣ «ወንድሜ ዕብራይስጥ አይችል፤ ይኸን ማን ነገረው ብለሽ ነው?» አሉኝ።

ሌላ ቀን አያቴ ከእኔ ጋር ሳሉ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በር፣ ከአገራቸው የመጡ አንዲት መነኩሲት አገኙ። ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ እዚያው ሲኦል ገባ። «በእኛስ ኃጥአን ቅዳሜም እሑድም ያርፋሉ» አሏቸው መነኩሲቷ። በአውቶቡስ ስንመለስ አያቴ አኩርፈው ነበር። «ሁለት ቀን!» አሉ። ቅናት እሳቸውንም ያዛቸው።

አንድ ቅዳሜ አላስችል አለኝና፣ «አባባ፣ እኔ ሲኦል ብገባ በጨለማ ይቀመጡልኛል?» አልኳቸው።

«ምን ቆርጦሽ ትገቢያለሽ! አንቺማ የገነት ነሽ» ብለው ስቀው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ገነት የገባን ሰው ማን ይጠብቀዋል?

አያቴ ካረፉ ቆይቷል። አሁን ጊሎ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ማታ መብራቱን አዘገያለሁ። ለእሳቸው አይደለም፤ እሳቸው የት እንዳሉ አውቃለሁ። ባለፈው ሰንበት ማታ ባለቤቴ እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ ትንሿ ልጄ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«አባ፣ ሬጋ! ትንሽ ቆይ፤ ሰውዬው ገና እየጠጣ ነው።»

እኔም በጨለማው ተቀምጬ እንደ ልጅነቴ ቀናሁ። ያ ሰውዬ፣ ስንት ሰው አለው!