ለእናትሽ ንገሪያት

ሀብትነሽን ያናደዳት የክሩ መተብተብ አልነበረም። ክር ይተበተባል፤ ጎንደር ጥጥ ስትፈትል ላደገች ሴት ይህን የሚነግራት አያስፈልጋትም። ያናደዳት ጊዲ ነው።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አሥራ አራቱን ዓመት ባርኔአ በሚባል ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ወለል ስትወለውል ኖራለች። ዘንድሮ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሥራውን በግማሽ ቀነሰችና ማሪና፣ ጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ የዓሣ ማጥመድ ኹግ፣ ኮርስ መሆኑ ነው፣ ገባች፤ በዕድሜዋ አንድ ነገር ለራሷ ብቻ ብላ መማር አማራት። አስተማሪው ጊዲ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን አይቶ አላናገራትም። በመኪና የምታመጣት ልጇ ሊያት አጠገቧ ስለምትቆም፣ እሱ የሚያወራው ከሊያት ጋር ነው። «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል፣ ሀብትነሽ እዚያ የሌለች ይመስል!

የሚማሩበት የማጥመጃ ዘንግ የክሩ ማጠንጠኛ ከላይ የተገጠመበት ነው። ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ ሲወረወር ማጠንጠኛው ይሽከረከራል፤ ፍሬኑ የራስ አውራ ጣት ነው። እርሳሱ ውሃ ሲነካ ጣት ካልያዘው ማጠንጠኛው ብቻውን ይሮጥና ክሩ የወፍ ጎጆ ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት ወረወረች። ደህና ሄዶላት ነበር። እርሳሱ ውሃው ጋ ሊደርስ ሲል ጊዲ «ሬጋ! ሬጋ!» ብሎ ጮኸባት። በዕብራይስጥ ቆዪ፣ አቁሚ ማለቱ ነው። ቃሉን አጥታው አይደለም፤ ስትደነግጥ ግን ጆሮዋ አገሩ ገባ። «ረጋ በይ» ያላት መሰላትና ጣቷን አላላች። ክሩ ተግተልትሎ ወጣ።

ጊዲ ወደ ሊያት ዞረ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ይሄ ለእሷ አይሆንም። ክሩን በመቀስ እንቆርጠዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ከሕፃናቱ ጋር ትማር» አለ በዕብራይስጥ። ለአፍ ዳገት የለውም።

«እማ፣ ትንሽ እረፊ ነው የሚልሽ» ብላ ተረጎመች ሊያት።

ደሟ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት ሲያዟት የኖሩት በምን ቋንቋ ሆነና! እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። የእሱስ ይሁን፤ የገዛ ልጇ ስድቡን ማር ቀብታ ታጉርሳት?

«እንደዚያ አላለም» አለቻት።

«እማ፣ ዳይ፣ በቃ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና!»

መቀሱን ከጊዲ እጅ ነጥቃ ኪሷ ከተተችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሉን ሳይፈልጉ መቁረጥ የሰነፍ ሥራ ነው። አንዱን ዙር ሳብ፣ ሌላውን ለቀቅ እያደረገች፣ በልቧም ሁለቱንም እየረገመች፣ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅታ ፈታችው። ስትፈታው ገባት፤ ማጠንጠኛው ከክሩ ቀድሞ ሲሮጥ ነው ጉዱ። ጣት ከክሩ ጋር መሄድ አለበት እንጂ መተው የለበትም።

ተነስታ ወረወረች። ጊዲ አሁንም ጮኸ፤ ልትሰማውም አልፈለገች። አውራ ጣቷ ክሩን እየዳበሰ ሄደና እርሳሱ ጠብ ሲል ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ከሁሉም ተማሪ ርቆ ወድቋል፤ አንድ ዙር እንኳ አልተተበተበም።

ጊዲ በአድናቆት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ኮል ሃካቮድ» አለ፤ ጎበዝ ማለቱ ነው።

ሊያት አፏን ልትከፍት ስትል ሀብትነሽ እጇን አንስታ አስቆመቻት። ወደ ጊዲ ዞራ፣ በወለል ላይ በተማረችው ዕብራይስጥ፣ «ለእኔ ንገረኝ። እዚህ ቆሜያለሁ» አለችው።

ፊቱ ቀላ። ከሦስት ሳምንት ትምህርት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ስምሽ ማነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሀብትነሽ።»

«ሃቢ…»

«አይደለም።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በአራተኛው ሲያቃናው «ኮል ሃካቮድ» አለችውና መቀሱን መለሰችለት።