የጋሼ መኪና ፎልደር

ጋሼ መኪና የምንላቸው መኪና ኖሯቸው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ሲመቱ ስለኖሩ ነው። እኔ ማመልከቻና ውል በሚጻፍበት በዚያ ጽሕፈት ቤት በጽዳት ስቀጠር መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ገብቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ኪቦርዱንም እንደ ድሮው ይደበድቡታል። አለቃችን "ኧረ ጋሼ፣ ምን አደረገዎት?" ስትላቸው፣ "ካልመቱት አይሰማም" ይላሉ። አለቃችንን ከሕፃንነቷ ነው የሚያውቋት፤ የቀጠሯቸው አባቷ ናቸው።

ዓይናቸው መድከሙን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ወለል ስወለውል በሩ ሥር የተውኩት ባልዲ ውስጥ ቀጥ ብለው ገቡ።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ ሱሪያቸውን እየጨመቁ።

"ባልዲውን ነው ዓይንዎን?"

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ልጄ፣ እኔ ቤት ከዋልኩ አለቀልኝ።"

መጻፉስ አልቸገራቸውም፤ ጣታቸው ፊደሉን ያውቀዋል። ባለጉዳዩንም "የራስህን ጉዳይ በራስህ አፍ ንገረኝ፤ ደብዳቤ የሚያምረው እንደዚያ ነው" እያሉ ያናግሩታል። የቸገራቸው ፋይል ፍለጋው ነው። "ክፈት" ባሉት ቁጥር ኮምፒውተሩ ስም በስም ላይ ይዘረግፍባቸዋል።

አንድ ጠዋት አለቃችን ሳትመጣ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ እንኳን ኮምፒውተር ካልኩሌተርም ነክቼ አላውቅም። እሳቸው በቃል እየነገሩኝ፣ እኔ ፊደል እየለቀምኩ፣ አዲስ ፎልደር ከፈትን። ክፍት ቦታው ብቻ የሚሞላ አራት ቅጽ አስገባንበት፦ አንደኛ ማመልከቻ፣ ሁለተኛ የኪራይ ውል፣ ሦስተኛ ውክልና፣ አራተኛ የሽያጭ ውል። ከዚያ የፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን፣ "ክፈት" በተባለ ቁጥር በቀጥታ ወደዚያ ፎልደር እንዲሄድ አደረግነው። "ሰው የገዛ ቤቱን በር አይጠይቅም" አሉ። ከዚያ ወዲያ የቀስት ቁልፉን ወደ ታች መቁጠር ብቻ ሆነ፤ ለማመልከቻ አንዴ፣ ለኪራይ ሁለቴ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ጠዋት ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ፎልደሩ በቦታው መሆኑን አያለሁ። "አለ ጋሼ" እላለሁ። "እግዜር ይስጥሽ" ይላሉ። ቀኑ ይጀመራል። ብዙ ሥራ ለዋውጫለሁ፤ እንደዚያ በጉጉት የገባሁበት ጠዋት ግን ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ልጄ ታሞብኝ አረፈድኩ። ለካ የዚያን ዋዜማ፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ የኮምፒውተር ጠጋኙ መጥቶ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖት ኖሯል። ፕሮግራሙም እኛ ያስያዝነውን ፎልደር ረስቶ ወደ ድሮው ዝርዝር ተመልሷል። ስደርስ አንዲት ባልቴትና አንድ ሾፌር ጋሼ ፊት ተቀምጠዋል፤ ባልቴቷ ቤት ሊያከራዩ፣ እሱ ሊከራይ። ጋሼ ሁለቴ ቆጥረው ከፍተዋል፣ ስሞቹን በየክፍት ቦታው ሞልተዋል፣ አትመውም ሰጥተዋል።

ሾፌሩ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። "እማማ፣ ልንጋባ ነው እንዴ?"

"ምን አልክ?"

"'በሠርጋችን ላይ እንዲገኙልን' ነው የሚለው። የርስዎና የኔ ስም አለበት።"

"አንተ! ላከራይህ መጣሁ እንጂ አግባኝ አልኩህ?"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አለቃችንም ሳቀች፤ ጋሼ ብቻ አልሳቁም። እጃቸው የቀስት ቁልፉን ይዳብሳል። እሷም ያንን አየች፤ ሳቋ ቆመ። ወደ እኔ ዞረች።

"ጠዋት ጠዋት ይሄን ኮምፒውተር የምትነካኪው አንቺ ነሽ አይደል? ማስተካከያው እንደተለወጠ ጠጋኙ ነግሮኛል። ማን ንኪ አለሽ? ልብስሽን ለውጪና ውጪ!"

ብናገር እሳቸውን ላጋልጥ ነው፤ ዝም ብል እንጀራዬ ሊሄድ ነው።

"እሷን ተያት፣ ልጄ" አሉ ጋሼ። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ዓይኔ ካላየ ሁለት ዓመቱ ነው።"

ጋሼ ጠረጴዛውን ይዘው ተነሡ።

"የነዚህን ሰዎች ውል ግን ሳንጨርስ አልሄድም። ነይ ተቀመጪ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ…"

"ተቀመጪ አልኩ። እስከ ዛሬ የከፈትሽልኝ ማን ሆነሽ ነው?"

ከኋላዬ ቆመው ቃል በቃል ነገሩኝ። እኔ በሁለት ጣት ለቀምኩ። ሾፌሩ ሁለቴ ወጥቶ ተመለሰ። ባልቴቷ "ባገባው ይሻለኝ ነበር" እያሉ አጉረመረሙ። ጋሼ የቁልፉን ድምፅ እያዳመጡ፣ "አትቸኩይ፣ የሚያባርርሽ የለም" ይሉኛል፤ የሚሉት ለአለቃችን ጭምር እንደሆነ ገብቶኛል። እሷም ዳግመኛ ውጪ አላለችኝም።

ወረቀቱ ሲወጣ ተቀበሉኝ፤ ገና ይሞቅ ነበር። ዳር ዳሩን በጣታቸው አስተካክለው፣ በሁለት እጃቸው ለባልቴቷ ሰጧቸውና ኮታቸውን ጠየቁኝ።